ራሱን ፈወሰ የተባለው አሥራ ሁለተኛ መስታወት

ያን ሰሞን ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደክሞኛል" ነበር መልሴ። "ደህና" የሚለው ቃል ከአፌ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን የማጫውታችሁ ነገር የሆነው በዚያ ድካም መሃል፣ ከአንድ ሐሙስ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ማርታ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት ነበር። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ፣ አሁንም ሽሮ ሜዳ እናትና አባቴ ቤት፣ በልጅነቴ በተኛሁበት ክፍል ውስጥ ነው የምኖረው። አባቴ በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነበር። እናቴ እሱ የሠራውን ጋቢና ነጠላ ገበያው ውስጥ ትሸጣለች። እኔ ደግሞ እዚያው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ የምርምር ተቋም ላቦራቶሪ፣ እኛ በአጭሩ "ላብ" በምንለው ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቀረቅራለሁ። ሰው "ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው?" ሲላት እናቴ "መብራት" ትላለች። ስለዚህ በሰፈሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቻችን እኔ ላይ ነበር የሚያማርሩት።

እናቴ ግን አልተሳሳተችም። ሥራዬ በእርግጥም መብራት ነው። ከእርሳስ፣ ከብሮሚንና ሲዝየም ከሚባል ብረት የሚሠሩ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፤ ፔሮቭስካይት ናኖክሪስታል ይባላሉ። ቀጭን አድርጋችሁ መስታወት ላይ ስትቀቧቸውና አልትራቫዮሌት መብራት ስታሳርፉባቸው ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ይበራሉ። የነገው የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን ከእነሱ ይሠራል ተብሎ በየአገሩ ሰው ይረባረባል። ችግራቸው አለመበርከታቸው ነው። እርጥበት ይገድላቸዋል። ሙቀት ይገድላቸዋል። ይባስ ብሎ የሚያበራቸው ብርሃን ራሱ ይገድላቸዋል። የእኔ ሥራ ክሪስታሎቹን የሚያቅፍ ሽፋን እየቀያየርኩ ዕድሜያቸውን ማስረዘም ነበር። ከእኔ በፊት በላባችን ክፍት አየር ላይ ከስምንት ቀን በላይ የዘለቀ አልነበረም። እኔም ለዓመታት ከስምንት ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ ሰባት ስመላለስ ኖርኩ።

በሐምሌ መጨረሻ አሥራ ሁለት ቁጥርን ሠራሁ። በአዲስ ሽፋን የተሠራ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የመስታወት ቁራጭ ነው። በየቀኑ አንድ ጊዜ መለኪያው ላይ አስቀምጬ ብሩህነቱንና የቀለሙን ልክ እመዘግባለሁ። ስምንተኛውን ቀን አለፈ። አሥረኛውንም አለፈ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን አባቴ ወደቀ። ሆስፒታል አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ አረፈ። አሥር ቀን ሙሉ ላብ አልገባሁም። በእነዚያ ቀኖች ልኬቱን የወሰደልኝ የላባችን ቴክኒሽያን ጋሽ አሰፋ ነው። እጁ የታመነ፣ ለጡረታ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ላቡን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነ ሽማግሌ ነው።

ከለቅሶ ስመለስ አሥራ ሁለት ቁጥር አሁንም ይበራ ነበር። በአርባኛውም ቀን በራ። በሃምሳኛው ቀን አማካሪዬ ዶክተር ኤልሳቤጥ ኬክ አስመጥታ ላብ ውስጥ ተቆረሰ። ኬክ እየበላሁ አለቀስኩ፤ ሁሉም ለአባቴ መሰላቸው። ግራፉ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ነበረው። በአሥራ ስምንተኛው፣ በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ቀን ብሩህነቱ በፍጥነት እየወረደ ይሄድና በሃያ አንደኛው ቀን ወደ ላይ ይዘላል። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ የለም። ይህ ዝላይ ምን እንደሆነ ስናስብ ሰነበትንና ክሪስታሎቹ በብርሃን ውስጥ ቁስላቸውን ጠግነው መሆን አለበት አልን። "ራሱን የሚፈውስ ሽፋን" የሚለው ሐረግ የጽሑፋችን ርዕስ ላይ ወጣ። ጽሑፉ ወደ ውጭ መጽሔት ተላከ። ዲፌንሴም፣ ጥናቴን በፈታኞች ፊት ቆሜ የማስረዳበት የመጨረሻው ፈተና፣ ለአንድ ሰኞ ቀን ተያዘለት።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች "ድገሙትና አሳዩን" ማለታቸው እንደማይቀር ስለማውቅ ቀደም ብዬ በዚያው ሽፋን ሦስት አዳዲስ መስታወቶች ሠርቼ ነበር። ሦስቱም በአሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ገደማ ጨለሙ። ለዶክተር ስነግራት፣

"ምን ቀየርሽ?" አለችኝ።

"ምንም አልቀየርኩም።"

"አዲስ የኬሚካል ጠርሙስ ከፍተሻል። መብራትም ሲሄድ ሲመጣ ነው የሰነበተው። ለጊዜው የተሻለውን እናቀርባለን፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

እኔም ተቀበልኩ። ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ በሰባ ስምንተኛው ቀን፣ ዶክተር ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ።

"የውጭ ፈታኙ ጽፎልኛል" አለች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። "ሰኞ አሥራ ሁለትን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ያ ከሁለት ዓመት በፊት ያመጣሁልሽ ማነጻጸሪያ አለ አይደል? እሱንም ጎን ለጎን አቅርቢለት።"

ማነጻጸሪያው ዶክተር ከውጭ አገር ላብ ለምና ያመጣችው መስታወት ነው። ያው አረንጓዴ ክሪስታል ሆኖ ከላዩ ውሃም አየርም የማያስገባ፣ በዓይን የማይለይ ቀጭን መከላከያ ተለብጦበታል። መለኪያ መሣሪያችን እንደመጣ አንድ ጊዜ ተጠቅመንበት፣ በብር ቀለም ከረጢቱ ውስጥ መልሼ መሳቢያዬ ውስጥ ካስቀመጥኩት በኋላ ረስቼው ነበር።

መሳቢያውን ከፍቼ ከረጢቱን አነሣሁት። ቀለለኝ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ፓኮ ወደቀ። ሌላ ምንም የለም።

ወድቆ ይሆናል ብዬ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ወለሉን በእጄ ዳሰስኩ። ሌሎቹንም መሳቢያዎች አየሁ። በመጨረሻ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶውን ከረጢት ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ትዝ አለኝ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ግራፉን አየሁት። ብሩህነቱን አይደለም፤ እሱን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። የቀለሙን ልክ ነው ያየሁት። እስከ ሃያኛው ቀን ድረስ አምስት መቶ አሥራ አራት ናኖሜትር ላይ ነበር። በሃያ አንደኛው ቀን አምስት መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ይህንንም ከዚህ በፊት አይቼው ነበር። "ክሪስታሎቹ ትንሽ አድገው ረግተዋል" ብዬ ጽፌ አልፌዋለሁ።

ተነሥቼ አሥራ ሁለት ቁጥርን ከሳጥኑ በወረንጦ አወጣሁት። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ስለምለካው ቁጥሩ የተጻፈበት ጀርባው ወደ ታች ነው። ገለበጥኩት። 12 ይላል፣ በጥቁር ማርከር። የእኔ ሁለት ጭራዋ አጭር ናት። ይህችኛዋ ግን ጭራዋ እስከ መስታወቱ ጫፍ ተጎትቷል። ያን ጭራ አውቀዋለሁ። በላባችን መዝገብ ላይ በየገጹ አለ።

አሁንም ራሴን ላለማመን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ምላጭ አመጣሁና የመስታወቱን አንዱን ጥግ በቀስታ ፋቅ አደረግኩት። የእኔ ቅብ ሲፋቅ እንደ ጠመኔ ብናኝ ይሆናል። ይህ ግን ጥርት ያለ ቆዳ ሆኖ ተነሣ፣ ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ።

ጋሽ አሰፋ ጉልበቱን አሞት ፈቃድ ላይ ነበር። መስታወቱን በመሃረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁና ወደ ቤቱ አመራሁ። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ታክሲው ግማሽ መንገድ ላይ ጣለኝ። ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት በእግሬ ያዝኩት። ከእንጦጦ የሚወርደው የጥቅምት ንፋስ ፊቴን ይመታኛል፤ እኔ ግን ላብ አጥምቆኝ ነበር። መንገድ ላይ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነው። ልጮህበት ነበር።

ጋሽ አሰፋ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታቶ በካቻቪቴ ይነካካል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ማርቲ! ምነው በሰላም? ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?"

"ሰላም ነው፣ ጋሽ አሰፋ። ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ጉልበቴማ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ።"

አልተቀመጥኩም። መሃረቡን ፈታሁና መስታወቱን በጀርባው፣ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጌ ፊቱ ካለው ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። አየው። ካቻቪቴውን በቀስታ አስቀመጠ።

"መቼ ትጠይቂኝ ይሆን እያልኩ ነበር" አለኝ በመጨረሻ።

መጮህ አቃተኝ። ተቀመጥኩ።

"አባትሽ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው" አለ። "ማታ ለክቼ ስወጣ የሳጥኑን ክዳን ሳልገጥመው ቀርቻለሁ። ሌሊቱን ዝናቡ እንዴት እንደወረደ ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት ስገባ ጣሪያው አፍስሶ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። አውጥቼ አደረቅኩት፤ መብራት አሳረፍኩበት፤ ምንም የለም። ጨልሟል። አንቺ ዓይኔ ነው ብለሽ የሰጠሽኝን ነገር በእጄ ገደልኩት።"

"ከዚያስ?"

"መሳቢያሽን ከፈትኩ። በዚያ በብር ቀለሙ ከረጢት ውስጥ አንድ አገኘሁ። ሳበራው ያው አረንጓዴ ነው። ወንድሙ ነው ብዬ ነው፣ ማርቲ። አብራችሁ ሠርታችሁ ለመጠባበቂያ ያስቀመጣችሁት። ያው ከሆነ ምን ልዩነት አለው አልኩ። ቁጥሩን ጻፍኩበትና ቦታው መለስኩት። ሌላ ነገር መሆኑን እግዜር ምስክሬ ነው አላወቅኩም።"

"ማነጻጸሪያው ነው፣ ጋሽ አሰፋ። መከላከያ ያለበት ነው። መቼም አይጨልምም።"

ይህን ስነግረው ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም። እጁን አፉ ላይ አደረገ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩት። "ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ልነግርሽ እኮ መጥቼ ነበር። በማግስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ። ብቻሽን እስክትሆኚ ጠብቄ አጠገብሽ ተቀመጥኩ። ገና አፌን ሳልከፍት 'ጋሽ አሰፋ፣ አሥራ ሁለት እንዴት ነው?' አልሽኝ። ዓይንሽ አብጦ፣ ድምፅሽ አይወጣም። እንዴት ብዬ 'እሱም ሞቷል' ልበልሽ? 'ደህና ነው' አልኩሽ። አንቺም 'ተመስገን፣ እሱ እንኳ' አልሽ።"

አስታወስኩት። እንዲህ ማለቴን ፈጽሞ ረስቼው ነበር፤ እሱ ሲለው ግን አስታወስኩት።

"ከዚያ ኬክ ተቆረሰ" አለ። "ከዚያማ እንዴት ተብሎ ይነገራል።"

እዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ተቀመጥን። በመሃል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ስልኬን አውጥቼ ግራፉን አሳየሁት። "ይኸውልዎት፤ አሥራ ስምንተኛው ቀን፣ አሥራ ዘጠነኛው፣ ሃያኛው። እርስዎ ራስዎ የለኩት ነው። ውሃው ሳይነካው እየሞተ ነበር። ዝናቡ ባይዘንብም በሁለት ቀን ውስጥ ይጨልም ነበር። እርስዎ አይደሉም የገደሉት።"

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መለሰልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልሄድ ስነሣ፣ "ስሚኝ ልጄ" አለኝ። "ዝም ይበሉ ካልሽኝ እስከ መቃብሬ ዝም እላለሁ። እናገራለሁ ካልሽም አልቀየምሽም። አንቺ ያልሽው ይሁን።"

እንዲህ ማለቱ አልረዳኝም። እንዲያውም ሸክሙን ሁሉ እኔ ላይ ጭኖ የሸኘኝ መሰለኝ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ላብ ውስጥ ተቀምጬ የሰኞውን ስላይድ ከፍቼ ሳየው ዋልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። ሁለት ጊዜ ወስኜ፣ ሁለት ጊዜ ለወጥኩ። ማንም አያውቅም። ጋሽ አሰፋ ምሏል። ማነጻጸሪያው ጠፋ እላለሁ፤ በየላቡ ዕቃ ይጠፋል። ስድስት ዓመት ነው፤ የእኩዮቼ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ አባቴ "ዶክተር" ሳይለኝ ሄዷል። እና ደግሞ ደክሞኛል። እውነቱን ተናግሬ እንደገና ከመጀመር ይልቅ ዋሽቼ መተኛት ይሻለኛል እያልኩ አሰብኩ። ግን ዓይኔ በሃያኛውና በሃያ አንደኛው ቀን መሃል ባለችው ክፍተት ላይ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ወርጄ እናቴ ሱቅ ገባሁ። ነጠላ እያጣጠፈች ነበር። የቸርቻችን ሴቶች ሰኞ ቀን ድግስ ሊያግዟት ተስማምተዋል፤ ማን ምን እንደሚያመጣ እየቆጠረች ነገረችኝ።

"እማዬ፣ ሰኞ ቢቀርስ?" አልኳት።

"ምኑ?"

ነገርኳት። ስለ ክሪስታሉ ሳይሆን፣ በቃ እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳት፦ "ያ የበራው የእኔ አይደለም። በስህተት የሌላ ሰው ሥራ ገብቶበት ነው። የእኔ ጠፍቷል።"

"ሰው የጎዳሽው አለ?"

"የለም።"

"የሰረቅሽው አለ?"

"የለም። ግን ሰኞ ቆሜ የእኔ ነው ካልኩ ያን ጊዜ ሰረቅኩ።"

እናቴ የያዘችውን ነጠላ ጭኗ ላይ ጣለችው። ቅዱስ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች። "ስድስት ዓመት!" አለች። "ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ 'ዘንድሮ ትጨርሳለች' እላለሁ። አሁን ሰዉን ምን ልበለው? ድግሱን ምን ላድርገው? አባትሽ ይቺን ቀን ሳያይ ቀረ ብዬ ሳለቅስ አንቺ ደግሞ ቀኑን ራሱን ታጠፊብኝ?" ከዚያ በኋላ ሱቁን እስክንዘጋ ድረስ አላናገረችኝም። ቤት ገብተንም አላናገረችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ሻይና ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ውጭ ታያለች። ሳትዞር፣ "ሄደሽ ተናግረሽ ነይ" አለችኝ። "ከዚያ ትተኛለሽ። መልክሽ እንኳ የሰው አይመስልም።"

ዶክተር ኤልሳቤጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዋ ትገባለች። በሩን ሳንኳኳ የሰኞውን ፕሮግራም እያተመች ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ የማልጨርሰው መስሎኝ። ባዶውን ከረጢት፣ የቀለሙን ለውጥ፣ የተነሣውን ቆዳ ነገርኳት። መስታወቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

ማተሚያው ወረቀት መትፋቱን እስኪጨርስ መስታወቱን አገላበጠችው።

"ማን ያውቃል?" አለች።

"እኔና እርስዎ። እናቴ። እና አንድ ሰው።"

"ማነው የቀየረው?"

"እሱን አልነግርዎትም፣ ዶክተር። ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም። እኔ ባልኖርኩበት ቀን ነው። ግን ስመለስ ዝላዩን አይቼዋለሁ። ቀለሙ መለወጡንም አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው የምለው ለዚህ ነው። አይቼ ምን እንደሆነ መጠየቅ ሲገባኝ ስም አወጣሁለት።"

"የመጽሔቱ ጽሑፍ ላይ ስሜ አብሮ እንዳለ ታውቂያለሽ? ለእድገት ያስገባሁት እሱን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ካልታየ፣ እስከ ሰኞ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ አሰፋ ነበር። በምርኩዝ ሦስት ፎቅ ወጥቷል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኮፍያውን አወለቀ።

"ዶክተር፣ እኔ ነኝ" አለ። "እሷ አትነግርዎትም ብዬ ነው የመጣሁት።" ሁሉንም ነገራት፣ ክዳኑንም፣ ድንኳኑንም። አንዲት ቃል አልቀነሰም።

ዶክተር መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በሁለት ጣቶቿ ተጫነች። ሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም እንደደከማት ገባኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ አስቤያት አላውቅም።

"ተቀመጡ ጋሽ አሰፋ፤ ይረፉ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ዝላዩን እኔም አይቼዋለሁ። አንቺ 'ረግተዋል' ብለሽ ነው የጻፍሽው። 'ራሱን ፈወሰ' ያልኩት እኔ ነኝ። ስለው ደስ ብሎኝ ነበር።"

ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበችና ለመጽሔቱ ጽሑፉን እንደሳብነው፣ ለፈታኙም ሰኞ እንደማይኖር ጻፈች። እኛ ተቀምጠን የቁልፎቹን ድምፅ እንሰማለን። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ፣ "ሦስቱ ድጋሚዎች ስንት ቀን ነው የቆዩት?" አለችኝ።

"አሥራ ዘጠኝ ገደማ።"

"የመጀመሪያውም እዚያው ላይ ነበር የሚወርደው?"

"አዎ።"

"አራቱም አንድ ላይ ናቸው ማለት ነው" አለችና ጽሑፏን ቀጠለች።

ያን ቀን ቀትር ላይ ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ። ከእንቅልፌ የነቃሁት እሑድ እናቴ ከቸርች ስትመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀላል አልነበረም። ሰኞ ቀረ። ላብ ውስጥ ሰው ሲያየኝ ወሬውን ያቋርጣል። ጋሽ አሰፋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሦስት ወር ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ በሽኝቱ ቀን ከእኔ ጋር ፎቶ ልነሣ ብሎ ፈልጎ ጠራኝ። የዶክተር እድገት ቀረ። ለብዙ ወራት ከሥራ ውጭ አታናግረኝም ነበር፤ አልፈረድኩባትም። እናቴ ለሰዉ "ተራዘመ" አለች። ሰውም "መብራቱ ምን ሆነ?" አላት።

እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አወቅኩ። ስምንት ቀን የነበረው አሥራ ዘጠኝ ሆኗል። ያ እውነተኛ ነበር፤ የእኔም ነበር። ሰባ ስምንቱን ሳሳድድ አሥራ ዘጠኙን ዞሬም አላየሁትም። ቀጣዩን ዓመት ሙሉ "እንዴት ላስረዝመው" ማለቱን ትቼ "በሃያኛው ቀን ምን ይሆናል?" እያልኩ አሳለፍኩ። ሽፋኑ ከክሪስታሉ የሚላቀቀው መቼ ነው፣ ከየት በኩል ነው፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፤ በየሰዓቱ እየለካሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ደፋር እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ። እውነት የተናገርኩት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ውሸት ጉልበት ይጠይቃል፤ ለዕድሜ ልክ መጠበቅ፣ ማስታወስ፣ ሰው ሲጠይቅ ፈገግ ማለት ይጠይቃል። እኔ ያን የሚያህል ጉልበት አልተረፈኝም ነበር። ብርቱ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳስበውም እፈራለሁ። እናንተም አንድ ቀን ለዓመታት የለመናችሁት ነገር በሌላችሁበት ተሳክቶ ብታገኙት፣ ከመደሰታችሁ በፊት በዚያ ቀን እዚያ የነበረውን ሰው ጠይቁት። እንዲነግራችሁም አታስፈራሩት። የሚወዷችሁ ሰዎች ከሚጠሏችሁ ይልቅ ይዋሿችኋል።

በመጨረሻ ዲፌንሴ ደረሰ። በአዳራሹ ብዙ ሰው አልነበረም። ዶክተር ኤልሳቤጥ ከፊት፣ ጋሽ አሰፋ በምርኩዙ ከጎን፣ እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ። ፈታኙ ያው ሰው ነበር። ወረቀቶቹን ገልጦ ገልጦ፣

"በክፍት አየር አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የሚቆየው?" አለኝ።

"አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።"

"ከዚያስ?"

"ይጨልማል።"

"ለምን?"

ለአንድ ሰዓት ያህል ለምን እንደሚጨልም ተናገርኩ። ያልገባኝን "አልገባኝም" አልኩ፤ የገባኝን በግራፍ አሳየሁ። ስጨርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ፈታኞቹ ሲንሾካሾኩ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስሜ እስኪጠራ ድረስ አልቀሰቀስኳትም።